ፋንድያ ጠራጊው ማሽንና የማላኪ ውርንጭላ

ማላኪ ቱሂ ጎረቤት ምን ገዛ፣ ምን ሸጠ ብለው አንገታቸውን የሚያሰግጉ ሰው አይደሉም። ይህንኑ ነገር ደጋግመው ስለሚናገሩት የሊመሪክ ገጠር ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ያን ቀን ማለዳ ግን ከአጥሩ ማዶ እንደተቆጣ የንብ ቀፎ የሚጮህ ነገር ሰሙና ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። አጥሩ ላልቶ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው የወጣሁት ብለው ለራሳቸው ነገሩት። አጥሩ የድንጋይ ካብ ነበር።

ከካቡ ማዶ ኦርላ ሄፈርናን ትሠራለች። የግብርና ኮሌጅ ጨርሳ ከተመለሰች ወዲህ የአባቷን ፈረሶች የምትይዘው እሷ ናት። ከባለ አራት ጎማ ሞተር ኋላ በርሜል የመሰለ ተጎታች አስራለች፤ ከተጎታቹ የሚወጣውን ወፍራም ቱቦ በሁለት እጇ ይዛ ሣሩ ላይ ታዞረዋለች። ቱቦው ፋንድያ ላይ ሲደርስ «ሹፕ!» ይላል፤ ፋንድያውም የለም።

ማላኪ ጥቂት ቆመው አዩ። ከዚያ ጥቂት የነበረው ብዙ ሆነ። በመጨረሻ መታገሥ አቃታቸው።

«አንቺ ልጅ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ፋንድያን እንደ ሾርባ መማግ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው! ምን ጉድ ነው የያዝሽው?»

ኦርላ ሞተሩን አጠፋች። «እንደምን አደሩ ጋሽ ማላኪ! ማሽን ነው። ፋንድያ ይሰበስባል።»

«እሱንማ የማይበት ዓይን አለኝ። ለምን ይሰበሰባል ነው የምልሽ። መሬቱ ቁርሱን ሊበላ ሲል ከአፉ ትነጥቂዋለሽ? አባቴ ቢያዩሽ ምን ባሉ!»

«እሳቸው እንዴት ነበር የሚያደርጉት?»

«ዝናብ ጣል ሲያደርግ መከስከሻውን ከትራክተሩ ኋላ አስረው መስኩን ከጫፍ ጫፍ ይጎትቱት ነበር። ያ ጥርሳም የብረት መረብ ፋንድያውን ይፈረካክስና በሣሩ ሁሉ ላይ እኩል ይበትነዋል። ሰነበት ሲል ሣሩ ይለመልማል። እኔም እንደሳቸው ነው የማደርገው። ይኼ ያንቺ ነገር ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።»

ማላኪ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ሙሉ ነበር፤ ልባቸው ግን ሙሉ አልነበረም። ዓይናቸው ከኦርላ ፈረሶች ላይ አልነሣ ብሏል። የፈረሶቹ ጸጉር ቅቤ የተቀባ ይመስላል። የእርሳቸው ውርንጭላ ኔሳ ግን ሆዷ ተነፍቶ፣ የጎድን አጥንቷ ተቆጥሮ፣ ጸጉሯ ሻክሮ ቀን በቀን ትመነምናለች። የእንስሳት ሐኪሙ የሆድ ትል ነው ብሎ መድኃኒት ሰጥቷት ነበር፤ ትሉ መድኃኒቱን ለምዶት ኖሮ ለውጥ የለም። ሌሎቹ ፈረሶቻቸው ከገበያ የተገዙ ናቸው፤ ከአባታቸው ፈረሶች ዘር የቀረችው ኔሳ ብቻ ናት። እሷ ከሞተች የቱሂ ፈረስ የሚባል ነገር አበቃለት። ሽማግሌው ይህን ለማንም አላወሩም፤ እሑድ ቅዳሴ ላይ ግን ሌላ ነገር መለመን ከተዉ ሰነበቱ።

«መሬቱን አላስራብኩትም» አለች ኦርላ። «ምግቡን አብስዬ ነው የማበላው። ይምጡ ላሳይዎ።»

በበሩ አስገብታ መስኩ ዳር ወደተከመረው የፋንድያ ቁልል ወሰደቻቸው። «እጅዎን ይክተቱ።»

«ፋንድያ ውስጥ? በስተርጅና?»

«ባዝራ ሲያዋልዱ እጅዎን የት ነበር የሚከቱት?»

ማላኪ ሳቃቸው አመለጣቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱት፤ ወዲያውም መልሰው መነጨቁት።

«እሳት አለው እኮ! ማን ለኮሰው?»

«ማንም። ተከምሮ ሲብላላ በራሱ ይግላል። የትሉ እንቁላል እዚያ ውስጥ በስሎ ይሞታል። ቁልሉ አፈር ሲሆን ለድንች ማሳ እንሰጠዋለን።»

«ትል አልሽ?» የማላኪ ፌዝ ጠፋ። «ትልና ፋንድያ ምን አገናኛቸው?»

«እንቁላሉ የሚወጣው ከፋንድያው ጋር ነው። ይፈለፈልና እርጥብ ሣር ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። ፈረሱ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። ፀሐይ በሚያቃጥል አገር ቢሆን የተበተነው ደርቆ ትሉ ያልቅ ነበር። እኛ ዘንድ ፀሐይ የምትመጣው እንደ እንግዳ ነው፤ ሳትቀመጥ ትሄዳለች።»

«እሺ፣ ታዲያ የአባቴ ፈረሶች እንዴት ኖሩ?»

«ያኔ ትሉ መድኃኒቱን ገና አልለመደውም ነበር» አለች ኦርላ። ቀጥላም እሷ ጠየቀቻቸው። «መስክዎ ጥግ ላይ ያለውን ረጅም ሣር ፈረሶቹ ለምን አይበሉትም?»

«ኮምጣጣ ነዋ! አባቴም ኮምጣጣ ነው ይሉ ነበር።»

«ቀምሰውታል?»

«እኔ ፈረስ ነኝ እንዴ?»

«ፈረሶቹም አልቀመሱትም። ፋንድያቸውን የሚጥሉት እዚያ ስለሆነ አይነኩትም። ፈረስ ንጹሕ ፍጥረት ነው ጋሼ፤ ማዕዱን ወዲህ፣ መጸዳጃውን ወዲያ አድርጎ ለይቷል። ከዚያ መከስከሻው ይመጣና...» ኦርላ አፍራ ቀሪውን ዋጠችው። አሳዳጊዎቿ ሽማግሌን መዝለፍ አላስተማሯትም።

ማላኪ ግን የጀመረችውን ራሳቸው ጨረሱት። «ከዚያ እኔ እመጣና መጸዳጃውን ማዕዱ ላይ እበትነዋለሁ።»

ሄደው ካቡ ላይ ተቀመጡ። ያቺ ለዘመናት ከዓይናቸው ፊት የነበረች የመስክ ጥግ ዛሬ ገና የታየቻቸው መሰላቸው። ሰው አንድን ነገር ዕድሜውን ሁሉ ሲያየው ይኖርና ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ሊሞት ምንም ያህል አይቀረውም።

«ኔሳ ስትታመም ሣሩ እንዲያምርላት ብዬ ደጋግሜ ጎተትኩት» አሉ። «በገዛ እጄ ነው ለካ የማበላት የነበረው! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎን ማን ደፍሮ ይነግራል?»

ይህ እውነት ነበርና ማላኪ አልተቆጡም። ግን ሰው በአንድ ጊዜ እጁን አይሰጥም። ተነሥተው ማሽኑን ዙሪያውን ዞሩት፤ በርሜሉን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«ዓይን የለውም ይኼ ነገር። እኔ የፈረሴን ጤና የማውቀው ፋንድያውን አይቼ ነው። ሲደርቅ፣ ሲቀጥን፣ ያልታኘከ ገብስ ሲገኝበት። ይኼ ሳያይ ይውጠዋል።»

«እሱስ እውነትዎን ነው። እኔም በጥድፊያ ያልፈኛል። እንግዲያው ቱቦውን እርስዎ ይያዙ፤ እኔ ሞተሩን ልንዳ። አይተው ይማጉ።»

ማላኪ ይህን መልስ አልጠበቁም። ቱቦውን ተቀበሉ። አንዲት ግራጫ ባዝራ ምን መጣ ብላ ከኋላቸው ቀርባ አሸተተቻቸው፤ እሳቸውም ዞር ብለው ሲያዩዋት ባርኔጣቸው ወደቀ፤ «ሹፕ!»

«ባርኔጣዬን!»

ኦርላ ከሳቋ የተነሣ ሞተሩን ማጥፋት እንኳ ተቸገረች። ባርኔጣው ከበርሜሉ ሲወጣ ራስ ላይ የሚደረግ አልነበረም።

በዚያው ቀን ኔሳ ወደ ኦርላ ንጹሕ መስክ ተሻገረች። ሐኪሙም መድኃኒቱን ቀየረላት። ማሽኑም በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ጊዜ ወደ ማላኪ መስክ ይሻገር ጀመር፤ ለሁለት ጎረቤት አንድ ማሽን በቂ ነውና። መከስከሻው ጋጣው ጥግ ቆሞ የዶሮ ቆጥ ሆነ።

እንግዲህ ከዚህ የተገኘው ትርፍ ብዙ ነው። ፋንድያ የተነሣለት መስክ ትሉ ይቀንሳል፤ ትሉ ሲቀንስ መድኃኒት በየጊዜው መጋት ይቀራል፤ መድኃኒቱ ሲቀር ትሉ አይለምደውም፤ የግድ ሲያስፈልግ መድኃኒቱ ያድናል። ቀድሞ አካፋና ጋሪ ይዞ ሲጎብጥ የሚውል ወገብ ያርፋል። ድንቹም ድርሻውን ያገኛል። የአባትን ሥራ ማክበር ደግ ነው፤ አባት ያላዩትን ማየት ደግሞ እሳቸውን መናቅ አይደለም። ማላኪ ራሳቸው ይህን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው ለሰው ሁሉ ሲያስረዱ ማሽኑን እሳቸው የፈለሰፉት ይመስሉ ነበር።

ዓመት ዞሮ ሣሩ ዳግመኛ ሲያቆጠቁጥ ኔሳ ወደ ገዛ መስኳ ተመለሰች። ሆዷ ገብቷል፤ ጸጉሯ ያበራል። እንደተለቀቀች መስኩን ሁለቴ ጋልባ ዞረችና ሮጣ ሮጣ ወደዚያች ጥግ ሄደች። የቱሂ ፈረስ አንድም ቀን አንገቱን ያላቀረቀረባት ጥግ ናት። አሸተተች። ከዚያ ትግጥ ጀመር።

ማላኪና ኦርላ ካቡን ተደግፈው ያያሉ። ሽማግሌው ካቡን ተሻግረው ሄዱ፤ ከውርንጭላይቱ አጠገብ ጎንበስ ብለው ከሣሩ ጥቂት ነጩና አፋቸው ውስጥ ከተቱት። ቀስ ብለው አኘኩት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ኮምጣጣ አይደለም» አሉ።