በሚስ አልዳ በርሜል ውስጥ የገቡት ዓሦች

የክዳኑ ጓጉንቸር ፊቱን ወደ እንጨቱ አዙሮ ተቆልፎ ነበር። ሚስ አልዳ ቲሌት ይህን ያየችው ዘግይታ፣ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የጠዋቱ ሻይ ከተጠጣ፣ ባቄላው ከተዘፈዘፈ፣ ልጇ ካርሊንም ሁለት ኩባያ ውሃ ግጥም አድርጋ ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ። ያንን ጓጉንቸር በቆለፈች ቁጥር የቁልፉን ቀዳዳ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ታዞረዋለች። ሽንኩርት እየከተፈች ቀና ስትል ቀዳዳውን ካየች ልቧ ያርፋል። በዚያን ቀን ግን ቀና ስትል ያየችው የብረቱን ጀርባ ነበር።

"ሰው በርሜሌን ከፍቷል" አለች ለራሷ። ቀጥሎ የመጣላት ሐሳብም፣ እንደ ልማዷ፣ ከሁሉ የከፋው ነበር።

በሳፖዲላ ባንክ መንደር እያንዳንዱ ቤት ከጎኑ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የእንጨት በርሜል አለው። የክረምቱ ዝናብ ከቆርቆሮው ጣሪያ በአሸንዳ ወርዶ እዚያ ይጠራቀማል። በበጋ የባሕሩ ጨው ወንዙን ሽቅብ ሲወጣ የመንደሩ ሰው ነፍሱን የሚያቆየው በዚያ በርሜል ነው። ጊዜው ሚያዝያ ነበር፤ ዝናብ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ይቀራል፤ በሚስ አልዳ በርሜል ውስጥም የቀረው ከሲሶ አይበልጥም።

መሰላል አምጥታ ወጣች፤ ክዳኑንም ከፈተች። መጀመሪያ የታያት የራሷ ፊት ነው። ከፊቷ ሥር ግን አንድ ነገር ብልጭ አለ፤ ሌላም ተከተለው። የጣት ጥፍር የሚያህሉ ስድስት ዓሦች በመጠጥ ውሃዋ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ክዳኑን መልሳ ዘግታ ከመሰላሉ ወረደች።

ማን እንዳደረገው ለመገመት አልተቸገረችም። ከጥር ወዲህ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ቤት ተከራይቶ የሚኖረው አዲሱ አስተማሪ ላምቤይ ነው። ላምቤይ ከደቡብ ባሕር ዳር የመጣ፣ ጋሪፉና ከሚባለው ሕዝብ ወገን ነው፤ መንደሩ ግን ከጀርባው "ካሪቡ" ይለዋል። ሚስ አልዳ ልጅ ሳለች እናቷ "ከእነሱ ድስት አትብይ፤ እነሱ ሙታናቸውን በከበሮ ይጠራሉ" ይሏት ነበር። ይህ ሰው ደግሞ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከበሮ ይመታል፤ ቀስ ብሎ ነው፣ ግን ይመታል። ከሦስት ዓመት በፊት ትንሹ ልጇን ዊንስተንን ትኩሳት የወሰደባት ሴት እንዲህ ያለውን ነገር በቀላሉ አታልፈውም።

ወደ ጓዳ ገብታ መዶሻ አነሳች። በበርሜሉ ግርጌ ያለውን ውታፍ ነቅላ ውሃውን በሙሉ መሬት ልታጠጣው ቆርጣለች። ከዚያ በኋላ ምን እንደምትጠጣ አላሰበችም። ውሃ ከማጣት የተመረዘ ውሃ ይከፋል፤ ሐሳቧ ያ ብቻ ነበር።

በርከክ ብላ መዶሻውን ስታነሳ ከአጥሩ ወዲያ የሰው ድምፅ ሰማች። ትምህርት ቤት ተለቅቆ አስተማሪው ደብተሮቹን ታቅፎ ወደ ቤቱ ሲያልፍ ነበር፤ ካርሊንም ከኋላው ትመጣለች።

"ደህና ዋሉ ሚስ አልዳ። ውታፉ ማፍሰስ ጀመረ እንዴ?"

"ገና አላፈሰሰም። አሁን ላፈስሰው ነው።"

"ይህን ሁሉ ውሃ? በሚያዝያ?" ደብተሮቹን አጥሩ ላይ አሳርፎ የአጥሩን በር መወርወሪያ ያዘ።

"እርስዎ ከአጥሩ ወዲያ ይቁሙ ቲቸር። ከዚያም ይሰማኛል።"

ሚስ አልዳ ሰው ስታከብርም ስትርቅም አንቱ ትላለች። ይህኛው አንቱታ እንደ አጥሩ ነበር። ላምቤይም ገባውና እጁን ከመወርወሪያው አነሳ።

"በመጠጥ ውሃዬ ውስጥ ስድስት ዓሣ አለ" አለችው። "ዓሣ መሰላል አይወጣም። በእናንተ አገር ክንፍ ያለው ዓሣ ይኖር እንደሆነ አላውቅም፤ በእኛ ወንዝ ግን የለም።"

"ስድስት ነው ያሉት?" አለ አስተማሪው ግንባሩን ቋጥሮ። "ስምንት ነበሩ።"

ሚስ አልዳ መዶሻውን ዝቅ አደረገች። እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀችም። ይክዳል ብላ ነበር፤ ለክህደቱም መልስ አዘጋጅታ ነበር።

"ስለዚህ እርስዎ ነዎት።"

"ትምህርት ቤቱ ነው። ትኩሳት የምታመጣዋ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በረጋ ውሃ ላይ ነው፤ እነዚህ ዓሦች ደግሞ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለውን እጭ ይለቅሙታል። በሃያ ሁለቱም ተማሪዎች ቤት ስምንት ስምንት አስገብተናል። ለወላጆች ወረቀት ልኬ ሁሉም ፈርመው መልሰውልኛል።"

"እኔ የፈረምኩት ወረቀት የለም።"

ሁለቱም ወደ ካርሊን ዞሩ። ካርሊን የጫማዋን ጫፍ ታይ ነበር።

"እማ፣ አንቺ ወረቀቱን ሳትከፍቺ ፍራሽ ሥር ከተትሽው" አለች ልጅቱ። "ፍራሽ ሥር የገባ ወረቀት ደግሞ አይወጣም። ሁሉም ልጅ መልሷል። እኔ ብቻ ቀረሁ።"

እውነቷን ነው። ወረቀቱ ላይ የአዲሱ መንግሥት ማኅተም ነበረበት። ሚስ አልዳ ማኅተም ካየች ወይ ግብር ነው ወይ መሬት የሚነጥቅ ነው ብላ ታምናለች፤ እንዲህ ያለውን ወረቀት ሁሉ ሳታነብ ፍራሽ ሥር ትጥለዋለች። ልጅቱ አውጥታ ፈርማበታለች፤ ቁልፉንም ከሚስማሩ አውርዳ ዓሦቹን ራሷ አስገብታለች። ሌባ ሲፈልጉ የገዛ ልጅን ማግኘት ያስቆጣል፤ ያሳፍራልም፤ እፍረቱ ደግሞ ቁጣውን ያባብሰዋል።

"ከነገ ጀምሮ ካርሊን ትምህርት ቤት አትሄድም" አለች ሚስ አልዳ። "እናቷን መዋሸት ያስተማራት ትምህርት ቤት ይበቃታል። ከተማ እህቴ ዘንድ እልካታለሁ። እዚያ በእንግሊዝ ጊዜ የተማሩ አስተማሪዎች አሉ።"

ካርሊን ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ ግን አላወጣችም።

"እኔም በእንግሊዝ ጊዜ ነው የተማርኩት ሚስ አልዳ" አለ ላምቤይ። "ባንዲራችን ከተሰቀለ ገና ሰባት ወሩ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልጅ ሳሉ ነጭ ባርኔጣ ያደረገ የጤና ኢንስፔክተር እዚህ ይመጣ አልነበረም?"

"በዓመት አንድ ጊዜ በጀልባ ይመጣ ነበር።"

"በርሜሎቹን ምን ያደርጋቸው ነበር?"

"ይከፍትና ነጭ ዱቄት ይበትንባቸዋል።"

"ምን ዱቄት ነው ብሎ የጠየቀው ሰው ነበር?"

አባቷ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ለኢንስፔክተሩ መሰላሉን ይዞለት እንደነበር ለሚስ አልዳ ትዝ አላት።

"እሱ የመንግሥት ሰው ነበር" አለች።

"እኔስ የማን ሰው ነኝ?"

"እኔ እንጃ። እንግሊዞቹ ሲወጡ ጎረቤታችን ጓቲማላ ወርሮን ይገባል ሲሉን ነበር። እኛ ጓቲማላን ስንጠብቅ እናንተ መጣችሁ።"

ላምቤይ ሳቀ፤ የንቀት ሳቅ አልነበረም። "የእኛማ አያቶች በዚህ ባሕር ዳር ታንኳቸውን ካሳረፉ መቶ ሃምሳ ዓመት አለፋቸው። የዚህን አገር ልጆች ፊደል ያስቆጠርነውም በብዛት እኛ ነን፤ በአገሩ ነባር ሰዎች፣ በማያዎቹ መንደር ቢሄዱ አባቴን ያስታውሱታል። ታዲያ ያኔም አያምኑንም ነበር፤ አሁንም አያምኑንም።"

"ባንዲራው ላይ ግን የላችሁም" አለች ሚስ አልዳ። ይህን ስታስበው ከርማለች። "ሁለት ወንዶች ናቸው የተሳሉበት። አንደኛው የስፔኖቹ ዘር ነው፣ ሌላው የእኛ የመንደሩ ሰዎች።"

"አይቻለሁ፤ እኔን የሚመስል የለም። ግን እርስዎስ አሉበት? አንድም ሴት አላየሁም።"

ካርሊን እያለቀሰች ሳቅ አመለጣት። ሚስ አልዳ ልትቆጣት ዞረች፤ የራሷ ከንፈር ግን አላገዛትም።

"ወረቀቱን ማን እንደፈረመው ያውቁ ነበር?" አለችው ድንገት።

አስተማሪው አንገቱን ደፋ። "የልጅ እጅ መሆኑን አይቻለሁ። መጥቼ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ሃያ ሁለቱም ቤት እንዲሞላልኝ ፈለግሁ። በዚህ እኔ ጥፋተኛ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ቢያንኳኩ ኖሮ አልከፍትልዎትም ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ቢሆንም ማንኳኳት ነበረብዎት።"

"ነበረብኝ።"

ከአንድ ባለሥልጣንም ሆነ ከአንድ ወንድ "ጥፋቴ ነው" የሚል ቃል ሚስ አልዳ ሰምታ አታውቅም። እውነት መሆኑን መጠራጠሯ ባይቀርም ቃሉ አንድ ቦታ ነካት።

በዚህ መካከል ካርሊን ወደ ቤት ሮጣ አንድ የጃም ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች። ውስጡ ያለው ዓሦቹን ከማስገባቷ በፊት ከዚያው በርሜል የቀዳችው ውሃ ነው፤ አፉን በጨርቅ አስራ ከአልጋዋ ሥር አስቀምጣው ነበር። ቲቸር እንዲህ አድርጉ ብሏቸዋል። ሚስ አልዳ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው። እንደ ክር የቀጠኑ ነገሮች ይንጠራወዛሉ፤ ወደ ላይ ወጥተው ትንፋሽ ወስደው ተመልሰው ይሰምጣሉ። ከጨርቁ ሥር ደግሞ ሦስት የደረሱ ትንኞች ተለጥፈዋል። ከዚያ ካርሊን ከበርሜሉ ቧንቧ በሌላ ብርጭቆ ቀዳችላት። ሚስ አልዳ ብርጭቆውን አዟዙራ አየችው፤ አንድም የሚንጠራወዝ ነገር አልነበረም።

ጠርሙሱን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አኖረችው።

"ታዲያ ዊንስተንን የገደለው የእኔ በርሜል ነው እያልከኝ ነው?"

አንቱታው ሳታስበው ወደቀ። ነገሩ ሁሉ ከመጀመሪያውም እዚህ ጋ ነበር የታሰረው። ውሃው መተት ቢኖርበት ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው። ውሃው ትንኝ የሚያፈላ ከሆነ ግን ክዳኑን የምትቆልፈውም፣ ቁልፉን የምትጠብቀውም እሷ ናት።

ላምቤይ ከአጥሩ ወዲያ ጠርሙሱን ተመለከተ።

"አላውቅም" አለ። "ረግረጉ ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ከዚያ መጥቶም ይሆናል። ማንም ሊያውቀው አይችልም። አውቃለሁ የሚልዎት ሰው ቢመጣ አይመኑት፤ እኔንም ጨምሮ። እኔ የማውቀው ካርሊን ዛሬ በሕይወት መኖሯን ነው። የማውቀው እሱን ብቻ ነው።"

ሚስ አልዳ በመሐረቧ አፍንጫዋን ጠረገች። ቀጥሎ ያደረገችው ግን የተጠራጣሪነቷ ነው፤ ብርጭቆውን በአጥሩ ላይ አሳልፋ ዘረጋችለት።

"ጠጣው እንግዲህ።"

አስተማሪው ተቀብሎ ጨለጠው። ብርጭቆውን መለሰላትና ትንሽ አመነታ።

"ሌላ ይኖራል?"

ሁለተኛውን ቀዳችለት፤ እሱም አለቀ። ሦስተኛውን ሲጠጣ ጉሮሮውን አየችው፤ ድፍረቱን የሚያሳይ ሰው አጠጣጥ አልነበረም፤ የጠማው ሰው አጠጣጥ ነበር።

"የቲቸር በርሜል ከተሰነጠቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል" አለች ካርሊን። "ወንዙን ነው አፍልቶ የሚጠጣው።"

"ያን ጨው? ለምን ውሃ አልጠየቅህም?"

"ማንን?" አለ ላምቤይ።

ሚስ አልዳ ወደ ቧንቧዋ ተመለከተች። ከአጥሩ ሦስት እርምጃ ነው፤ የምትቆልፈው ክዳኑን እንጂ ቧንቧውን አይደለም። ይህ ሰው ሁለት ሳምንት ሙሉ ጨው እየጠጣ እጁን በአጥሩ ላይ አላሳለፈም። ከዓሦቹም፣ ከጠርሙሱም ይልቅ ይህ አሸነፋት። በክፉ የጠረጠረችው ሰው ካጠገቡ ያለውን ውሃ አንድ ኩባያ እንኳ አልወሰደም፤ እሷም ልስጥህ አላለችውም።

መዶሻውን አነሳችና ውታፉን ወደ ውስጥ አጥብቃ መታችው።

በዚያ ክረምት በሳፖዲላ ባንክ ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ቢኖር፣ መንደሩ የበርሜል ኮሚቴ አቋቁሞ ሚስ አልዳን ሊቀመንበር አደረጋት። የሰውን ሁሉ ክዳን የምትጠረጥር ሴት ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት፤ መሰላሏን ተሸክማ ከቤት ቤት እየዞረች ታይ ነበር፤ ዓሣ የሌለበት በርሜል ካገኘች ባለቤቱን እስከ ማታ ትጨቀጭቀዋለች። ትኩሳቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት ከመንደሩ የተቀበረ ሕፃን አልነበረም። ጥቅሙ በዚህም አላበቃም። ኢንስፔክተር ከባሕር ማዶ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ጠፋ። ውሃ ያነሰው ቤት ውሃ ካለው ቤት መጠየቅን ለመደ። ወረቀት ከፍራሽ ሥር ወጥቶ ተነበበ። የኢንስፔክተሩ ጀልባ መምጣት ካቆመ ቆይቷል፤ መሰላሉን የሚይዝ ግን አሁንም ያስፈልጋል፤ ጎረቤት ለጎረቤቱ ካልያዘው ባንዲራ ብቻውን ውሃ አያጠራም።

ያን ቀን ግን ገና ጀምበር እየጠለቀች ነበር። ሚስ አልዳ ባልዲ ሞልታ በአጥሩ ላይ አሳለፈችለት።

"ነገ ጠዋት ባልዲውን መልስ። ቧንቧው ጋ ቀጥ ብለህ እንዳትሄድ፤ በሩን አንኳኳ።"

"ይከፍቱልኛል?"

"መጀመሪያ ማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ።"

"እኔ ነኝ እላለኋ።"

"እሱን እናያለን" አለች።

ወደ ቤት ገባች። ካርሊን ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ የምትጠይቀው ጥያቄ ፊቷ ላይ ይታያል።

"ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ" አለቻት እናቷ። "ግን ሁለተኛ በእኔ ስም ብትፈርሚ እጅሽን ነው የምቆርጠው። ነይ፣ ሩዙን አቅርቢ።"

እራት ከተበላ በኋላ በመስኮት አየች፤ በዚህ ጊዜ ካርሊን የቆለፈችው ጓጉንቸር ቀዳዳው ወደ እሷ ዞሯል። የበርሜሉን ቁልፍ ከላይኛው ሚስማር አውርዳ የካርሊን እጅ በሚደርስበት በታችኛው ላይ ሰቀለችው። አጥሩን አንድ ጊዜ ቃኘች፤ ከማዶ የሰው ድምፅ አልነበረም፤ የባልዲ እጀታ ሲንኳኳ ብቻ ተሰማት። ከዚያ በሩን ገጥማ፣ ሌላ ጊዜ ሦስቴ የምትፈትሸውን ቁልፍ አንድ ጊዜ አዙራ ቆለፈችው።