የአባ የድሮ ቁጥር

ከደምበጫ ወደ ማርቆስ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት አጠገቧ ከተቀመጡት የንስሐ አባቷ ጋር ታወራለች።

«አባ፣ ለሕመሜ ብለው በሰኔ ጾም ሥጋ ስለፈቀዱልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ማን ነው የፈቀደልሽ?»

«እርስዎ ነዎታ፣ በስልክ። ድምፅዎ ተለወጠብኝ ብልዎት ጉንፋን ነው አሉኝ።»

«በየትኛው ቁጥር ደወልሽ?»

«በድሮው ነዋ።»

«እሱንማ በእህቴ ልጅ ስም አዙሬለታለሁ። እዚያው ደምበጫ ሥጋ ቤት ከፍቷል።»

«ለካ ከየት እንደምገዛ ጭምር የነገረኝ ለዚህ ነው።»



«ኃጢአትሽንስ ነግረሽዋል?»

«አንድም አላስቀረሁ። እንደ እርስዎ ግን ስግደት አላበዛብኝም።»

ቁጥሩን ልጠይቃት ዞር አልኩና፣ ዓይኔ ከአባ ዓይን ጋር ሲጋጠም ወደ መስኮቱ ተመለስኩ።