ከእህልና ከውኃ በቀር

ልጁ በመጠጥ የተያዘበት ወላጅ ቢያነበው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ያልደረሰበት ሰውም ያንብበው። በእሱ ባይደርስ በጎረቤቱ መድረሱ አይቀርም።

አንድ ጠዋት ከጎልማሶች ትምህርት ቤት ስወጣ ዝናብ ያዘኝና በተዘጋ ሱቅ ታዛ ሥር ተጠለልኩ። የጎረቤቴን የልብስ ሰፊዋን ልጅ እዚያው ቆማ አገኘኋት። ነርስ ናት፤ ከአዳር ሥራ እየተመለሰች ነበር። እንደ ወጉ ተጠያየቅን፤ ቀጥላ የልጄን ነገር አነሳች። ሰው ስለ ልጄ ሲጠይቀኝ አንገቴን መድፋት ለምጃለሁ። በዚያን ቀን ግን ቀና አልኩ።

«ተመስገን፣ ተወ» አልኳት። «ከትናንት ወዲያ ለአጎቱ ማለ። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልቀመሰም።»

ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ተለወጠ። እጁ ይንቀጠቀጣል ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። እንቅልፍስ? በዓይኑ አልዞረም። ላብስ? ሸሚዙ የሚጨመቅ ነው። የሌለ ነገር ያያል ወይ ስትለኝ የሌሊቱን ነገርኳት። ሌሊቱን ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይሄዳል እያለ በጫማው ሲቀጠቅጥ እንዳደረ አጎቱ ነግረውኛል። ክፉው መንፈስ ሲለቅ እንዲህ ነው፣ አይዞሽ፣ አንቺ ትምህርትሽ ላይ ሂጂ፣ ለቅሶሽ ያባብስበታል ብለው የላኩኝም እሳቸው ናቸው።

«እትዬ፣ ዝናቡ ይምታን፤ እንሂድ» አለች፤ እጄን ይዛ ወጣች።

የመሐላውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። የባለቤቴ ወገን ከአያት ጀምሮ አናጺ ነው። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ልጄን ሥራ ያስተማሩት የአባቱ ታላቅ ወንድም ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ሰፈሩ ግን ከኋላቸው «ቱንቢ» ይላቸዋል፤ የሠሩት በርም የተናገሩት ቃልም እንደ ግድግዳ ማቅኛው ቱንቢ ስለማይዛነፍ ነው። በዚያ ቤት ወንድ ሲምል እጁን በአያትየው የጣውላ መላጊያ ላይ ያሳርፋል፤ የቤቱ ታላቅ መሐላውን ይቀበላል፤ ከተቀበለው ሰው በቀር መሐላውን የሚፈታ የለም። ልጄ ከዚህ በፊትም ምሎ ነበር። መጀመሪያ ጠርሙስ አልነካም ሲል ማለና በብርጭቆ ጠጣ። ኋላ አልጠጣም ብሎ ማለና ለሳል ነው እያለ በማንኪያ ጀመረ። ጋሼ «ሰካራምና ጠበቃ አንድ ናቸው፤ ቀዳዳ አያጡም» አሉና በዚህኛው ጊዜ ቀዳዳውን ሁሉ ደፈኑት። «ከእህልና ከውኃ በቀር አንዳች ነገር በአፌ ቢገባ አምላክ ይፍረድብኝ» አስባሉት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አሜን አልኩ።

የጋሼ ወርክሾፕ ስንደርስ በራፉ ላይ ያላለቁ በሮች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ኮላው በጣሳ ውስጥ ደርቋል። ሥራ የለም። ጋሼ ከጓሮው የጣውላ መጋዘን ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የመጋዘኑ በር በውጭ በኩል በአጣና ተቀርቅሯል። ልጄ ውስጥ ነው።

ነርሷ በአክብሮት ሰላም አለቻቸው። እሳቸውም ተነሥተው በርጩማውን ለቀቁላት፤ አልቀመጥም አለች። የመጣችበትን ነገር በቀስታ አስረዳቻቸው። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ እንደሚናወጥ፣ የሌለ ነገር እንደሚያይ፣ እንደሚጥለውና ሊሞትም እንደሚችል፣ ሐኪም ቤት ተኝቶ ክኒን እየወሰደ ቢታይ ግን ይህ አደጋ እንደሚቀልለት ነገረቻቸው። ጋሼ ሳያቋርጡ ሰሟት።

«የተማረ ይግደለኝ ብሎ የተረተው ሰው ተገድሎ አርፏል፣ ልጄ» አሉ። «አሁን ተራው የእኛ ነው?»

እሷም ፈገግ አለች። «እኔ እንኳ ለመግደል ሳይሆን ለማስነሣት ነው የመጣሁት፣ አባባ።»

«ከጠርሙስ አላቅቀን ክኒን ልታስለምጂው ነው። ከጅብ አፍ አውጥቶ ለነብር መስጠት ማለት ይኸው ነው።»

ክኒኑ ለጥቂት ቀን ብቻ እንደሚሰጥ፣ በየቀኑ እየተቀነሰ እንደሚቆም መለሰችላቸው። እሳቸው ግን ጭንቀታቸው ሌላ ነበር። እስከ ዛሬ ይህን ቤት ያቆመው ጸሎት ነው፤ ሐኪም ቤት ሂድ ማለት አምላክ አልቻለም ማለት ነው አሉ። እኔ አልፈርድባቸውም። ጸሎታቸው የታይታ አይደለም፤ ጉልበታቸው ላይ ያለው ሱሪ ከሌላው ቀድሞ የሚያልቅ ሰው ናቸው።

«ጸሎቱን ማን ይተዉ አለዎት?» አለች ነርሷ። «እኔም ሳልጸልይ የታማሚ ክፍል አልገባም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያንን የማሽን መጋዝ ከማስነሣትዎ በፊት ይጸልያሉ?»

«እንዴታ።»

«ከጸለዩ በኋላ የመጋዙን መከላከያ አውልቀው ይጥሉታል?»

ጋሼ ወደ መጋዙ አዩ። «መጋዝ የሚቆርጠው ጣት ነው» አሉ። «ይህ ነፍስ ነው። ነፍስን ባለቤቷ ይጠብቃታል።»

«ይጠብቃታል፤ ግን በሰው እጅ ነው። የሚያድነው እሱ፣ መድኃኒቱ ሰበብ። ደግሞ አባባ፣ አይቆጡኝና፣ ጸሎትና መሐላ አንድ አይደሉም። ጸሎት የደከመው ሰው እርዳኝ የሚልበት ነው። መሐላ ግን የደከመውን ሰው በራስህ አቅም ቁም ይለዋል። የወደቀ ዕለት ደግሞ የሚጸልይበትን አፍ ያሳጣዋል።»

ይህ ቃል እኔን ወጋኝ፤ ያየሁት ነገር ነውና። ልጄ ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ የሚጸልይ ልጅ ነበር። ሁለተኛውን መሐላ ያፈረሰ ጊዜ ጸሎቱን አብሮ ተወ። ለምን ስለው «በምን አፌ፣ እማ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አጠጣጡ ባሰ። ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው። እሳቸውም ልጃቸውን አነሱ።

የጋሼ አንድ ልጅ በዚሁ መጋዘን ውስጥ፣ በዚሁ መሐላ ላይ እያለ ነው የሞተው። ሰፈሩ ሁሉ ቀብሮታል። ጋሼ ከዚያ ወዲህ የሚጽናኑበት አንድ ነገር ብቻ አላቸው፤ ለለቅሶ የመጣውንም፣ ከዚያ በኋላ የሚያገኙትንም ሰው የሚሉት አንድ ነው። አሁንም ደገሙት።

«ልጄ ቃሉን ሳያጥፍ ነው የሞተው።»

ነርሷ አቀረቀረች። ያን ጊዜ ከመጋዘኑ ውስጥ ጣውላ ሲናድ ሰማን።

ጋሼ አጣናውን አነሱ። ልጄ ከተናደው ጣውላ አጠገብ ጥጉ ላይ ተኮራምቶ ጣቶቹን ከክንዱ ላይ አንድ ነገር እንደሚለቅም ያንቀሳቅሳል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሲያየኝ አወቀኝ፤ ቶሎ ደግሞ ጠፋሁበት። ነርሷ የልቡን ምት ለካች፤ አሁኑኑ መሄድ አለበት፣ በመንገድ እንዳይጥለው ይህን ይዋጥ ብላ ቤት ለቤት ስትዞር ለታማሚ እንድትሰጥ ሐኪም ካስያዛት መድኃኒት ክኒን አውጥታ ከውኃ ጋር ዘረጋችለት። በሁለት እጁ አፉን ያዘ።

«እህል ነው?» አለ በጣቶቹ መሃል። «ውኃ ነው?»

«መድኃኒት ነው፣ ልጄ» አልኩት።

«ምያለሁ። ሁሉንም አፍርሻለሁ፣ እማ። ይህችን እንኳ ልጠብቃት።»

ለመንኩት፤ ተንበረከክሁለት። አፉን አልለቀቀም። ተነሥቶ እንዲሄድም ብንጎትተው አጎቱ ካላዘዙ አልወጣም አለ። የሱ መዳን በሳቸው አንደበት ላይ ቀረ። ሁላችንም ወደ ጋሼ ዞርን።

ጋሼ በመጋዘኑ ደፍ ላይ ቆመዋል። ሁልጊዜ የሚሉት ተረት ነበራቸው፤ ልማድ ሆኖባቸው ጀመሩት። «የተናገሩት ከሚጠፋ...» አሉና ቆሙ። ቀሪውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «የወለዱት ይጥፋ» የሚል ነው። በተናደው ጣውላ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ጉንዳን ነው የሚያየው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«የእኔ ልጅ ወፍ ነበር የሚያየው። ወፎቹን አስወጡልኝ ይለኝ ነበር።» ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው። «መስኮት ከፈትኩለት። እኔ ያወቅሁት ያንን ነው። ኋላ ይጥለው ጀመር።» ወደ ነርሷ ዞሩ። «ያን ጊዜ ይህ መድኃኒት ነበረ?»

ልትዋሽላቸው ትችል ነበር። እኔ በሷ ቦታ ብሆን እዋሽ ነበር።

«ነበረ፣ አባባ» አለች።

አላለቀሱም። ተነሡና መላጊያውን ከመደርደሪያው አመጡ። የልጄን እጅ ከአፉ አላቅቀው በእንጨቱ ላይ አሳረፉት።

«የማልክልኝ ለእኔ ነው» አሉት። «የተቀበልኩት እኔ፤ የምፈታህም እኔ ነኝ። ፈትቼሃለሁ። ዋጥ።»

«ፍርዱስ፣ ጋሼ?»

«ፍርዱ በእኔ ይሁን።»

ዋጠ። በር ማመላለሻ በሆነችው መኪና፣ ራሱ ጭኔ ላይ ሆኖ ሐኪም ቤት ገባ። ጋሼ ከኋላ ከጣውላው ጋር ተጫኑ፤ ከፊት ቦታ ነበር፣ እምቢ አሉ።

ልጄ ተረፈ። ዳነ ብዬ ግን አልጽፍም፤ ከወጣ በኋላም ወድቋል፣ ደግሞም ወድቋል። ልዩነቱ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው ያየሁትን ልንገረው። ድሮ ሲወድቅ ከአምላክም ከእኛም ይሸሽ ነበር፤ አሁን በማግሥቱ ራሱ መጥቶ «እማ፣ ትናንት አልቻልኩም» ይለኛል፤ ነርሷ ዘንድ ሄዶም ይናገራል። መጠጥ ከተዉ ሰዎች ጋር በጤና ጣቢያው አዳራሽ ይገናኛል፤ እንደሱ የተንቀጠቀጠ ሰው ሲያወራ መስማት ከእኔ ምክር ይልቅ ይገባዋል። ጸሎቱም ተመለሰለት። ረጅም አይደለም። መጋዙን ከማስነሣቱ በፊት «ጌታዬ፣ እስከ ማታ ያዘኝ» ይላል። ማታ ሲመሽለት ያመሰግናል፤ ጠዋት እንደገና ይለምናል። ይበላል፣ ይተኛል፣ የሠራው በር ይገጥማል። እኔ ግን በዘገየ ቁጥር ዛሬም ልቤ ይቆማል። ይህ ፍርሃት የሚለቀኝ አይመስለኝም።

ጋሼ አርጅተዋል። ያንን የሚጽናኑበትን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም ሲናገሩ አልሰማሁም። ይሁን እንጂ ሰዎች አሁንም ልጆቻቸውን ሊያስምሉ ይመጣሉ። ባለፈው ከሌላ ሰፈር አንድ ሹፌር መጣ፤ ልጁ በመጠጥ ደክሞበታል። ለልጄ ምሳ ይዤ ሄጄ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ጋሼ የበር መቃን እየፈለፈሉ ነበር።

«መሐላ አልቀበልም» አሉት። «ጸሎት ከፈለግህ አብሬህ እንበረከካለሁ። ልጁን ግን ክፍል ዘግተህ በአንድ ቀን አታስጥለው። መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ክኒኑን ሲውጥ አጠገቡ ቆመህ አሜን በል። ሲወድቅ የሚመለስበትን በር አትዝጋበት።»

ሹፌሩ ወደ ልጄ አየ። ልጄ ከወዲያ ጥግ ጣውላ እየላገ ነው።

«ልጅዎ በዚህ ነው የዳነው፣ ጋሼ?» አለ።

«የወንድሜ ልጅ ነው» አሉት፤ መሮውን አንሥተው ወደ መቃኑ ጎነበሱ።