ፊልሃርሞኒክ ያልናቸው አምስት ሰዎች

— ሄሎ?... ሄሎ! መካነ ሰላም ነው... እኔው ነኝ፣ ያለው፣ የኪነት ቡድኑ ኃላፊ።... ማን? አባተ? ደሴ ባህል ክፍል የገባው አባተ?... አንተ! ድምፅህ እንኳ ወፍሯል።... እሺ፣ ጓድ አባተ። ይቅርታ፣ ጓድ።

እናንተ ዝም በሉ፣ ከደሴ ነው! ሞላ፣ መሰንቆህን አስቀምጥ!

— አይ፣ ቡድኖቼ ናቸው። ከአንዱ የድርቅ መጠለያ ወደ ሌላው ለሚዞር ኪነት የእርዳታ ስንዴ ይሰፈራል ቢባል፣ ተከትለውኝ ቴሌ ድረስ መጡ።... ምን? ዝርዝሩ ላይ የለንም? ፎርሙን በገዛ እጄ አይደል የሞላሁት!

— አዎ። «የመካነ ሰላም ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ»። እኔ ነኝ የጻፍሁት።... ሳቅ፣ ሳቅ። እስክትጨርስ እጠብቃለሁ።

— ጎረቤቶቻችን የማሻ ኪነቶች ቀድመውን ሲምፎኒ ነን አሉና! ሁለት ከበሮና አንድ ዋሽንት ይዘው ሲምፎኒ ከሆኑ እኛ በምን እናንሳለን? ፊልሃርሞኒክ ይበልጣል ብዬ ነዋ።... አይበልጥም?... አንድ ናቸው? ሁለቱም ትልቅ ኦርኬስትራ፣ ስማቸው ብቻ የተለየ?... አንድ ከተማ ላይ ሁለት ሲሆኑ እንዳይምታቱ? ይኸው! እኔም ከማሻ ጋር እንዳንምታታ ብዬ ነው።

— ስንት ሰው?... ሰማንያ?... እኛ አምስት ነን።... አምስት፣ አባተ።

— ቻምበር ደግሞ ምንድን ነው?... አንድ ክፍል የሚበቃው ትንሹ? እሱማ እኛ ነን! የምንለማመደው የቀበሌው ወንበር የሚቆለልበት ክፍል ውስጥ ነው።... እሱም ቫዮሊን ይፈልጋል? ተወው በቃ።

— ስሙን ከየት አመጣኸው ትለኛለህ? ካንተ ነዋ! ሠራዊቱ ሙዚቃ ክፍል ሳለን አንተ ፊት ተቀምጠህ ኖታ ስታነብ፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ትልቁን ከበሮ ተሸከምሁ። መታሁ አላልሁም፣ ተሸከምሁ! የሚመታው ሌላ ነበር። «ያንተ ቢጤ ማርሽ ባንድ ይበዛበታል፣ ኦርኬስትራ የሚባለውን በሩቁ ስማው» ያልኸኝስ?... ረሳኸው? እኔ ቀኑም አልጠፋኝ። ረቡዕ ነበር።

— ምን አልህ? ዝርዝሩ ዛሬ ይዘጋል?... ሄሎ? ትሰማኛለህ? አስቻለች፣ እጅሽን ከማዞሪያው አንሺ፣ በሞቴ መስመሩን አትንኪብኝ!

— ሰማሁ። ኦርኬስትራ ነኝ ያለ ሁሉ የአብዮት በዓሉን መድረክ ይጠብቃል፣ መጠለያ የሚሄደው የባህል ኪነት ብቻ ነው። እንግዲያ ሰርዘው።... ፊልሃርሞኒኩን ነዋ! አዎ፣ እኔ ነኝ የምልህ። የሞላ በሬዎች አልቀዋል። ዘይነባ ሦስት ልጅ ይዛ ነው ያለችው። ፈንታዬ ከከላላ በእግሯ ነው የመጣችው። የባህል ኪነት በለን።

— መሣሪያ? ጻፍ። መሰንቆ፣ ሞላ። ከበሮ፣ ዘይነባ። ዋሽንት፣ አራጌ። ፈንታዬ ዘፋኝ ናት። አኮርዲዮን...

— አይሆንም?... አዎ፣ የባህል አይደለም፣ የጣሊያን ነው። አኮርዲዮን ካለ «ባንድ» ተብሎ ሌላ ፎርም ይሞላል?... መልሱስ በስንት ቀን ይመጣል?... ወር።

ምንም አላለም፣ ዘይነባ። አብሽሪ።

— አለሁ፣ አለሁ። አኮርዲዮኑን አውጣው።... ማን ነው የሚጫወተው? እኔ ነኛ!... ምንም አይጎድልባቸውም፤ ሦስት ቁልፉ አይጮህም፣ ነፋሱም በጎኑ ነው የሚወጣው። ቡድኑን ፊልሃርሞኒክ ያሰኘው እንግዲህ እሱ ነበር።

— የኔ ስንዴማ ከአኮርዲዮኑ ጋር ይቀራል። አራት ብለህ ጻፍ።... አንብብልኝ እስቲ።... አዎ።... አዎ። ፈንታዬ በ«ፈ»... አዎ፣ ልክ ነው።... ወደ መጠለያ የሚወስዳቸው መኪና ነገ ጠዋት? እሺ።

— አባተ፣ እንዲህ ለስልሰህ አታናግረኝ፣ አልለመድሁትም።... ሄሎ? ሄሎ?

ተቋረጠ። በሉ ተነሡ፣ መኪናው ነገ ጠዋት ይደርሳል፣ ጋቢያችሁን ያዙ። አልፈናል! እኔ?... እኔማ ኃላፊ አይደለሁ? ኃላፊ አብሮ አይዞርም፣ የደሴ መመሪያ ነው። ሂዱ እንጂ፣ ምን ያያችሁኛላችሁ!