ግድግዳ የምትልሰው ላሜ
ቦንጋ ውስጥ ሰው ሁሉ በላሜ ነገር ይስቃል፤ የእኔ ንዴት ግን እስካሁን አልበረደም። ጎረቤቴ እትዬ አስቴር «ኧረ ላምህ ቤቴን ልሳ ልትጨርሰው ነው!» እያሉ መጡ። ስሄድ እውነትም የጭቃውን ግድግዳ ትልሳለች። አሳፈረችኝና በዱላ ነረትኳት። በማግስቱም ገመዷን በጥሳ እዚያው ተገኘች፤ ደገምኳት።

የእንስሳት ሐኪሙን ጠርቼ «አብዳለች፣ መርፌ ውጋልኝ» አልኩት።

«ምን ትበላለች?»

«የእንሰት ቅጠል።»

«ሌላስ?»

«እሱኑ።»

«ጨው ከቀመሰች ስንት ጊዜዋ ነው?»

«ኧረ ብዙ ጊዜዋ ነው።»

«አላበደችም ጋሼ፤ የጎደላትን ነው የምትፈልገው።»

ወጥ ጨው አነሰው ብዬ ሳህን ገፍቼ የምነሳ ሰው፣ እሷን በዱላ! ሮጬ አሞሌ ጨው ገዛሁ። እጄን ስዘረጋላት ግን ልመታት መስሏት ሸሸችኝ።