ቻርጀሩ ያወጣው ወረቀት

(በአንድ የአዲስ አበባ ሰፈር የዕድር ግቢ፣ አባላቱ ለኤሌክትሪክ መኪኖቻቸው በጋራ ባስተከሉት ቻርጀር አጠገብ፣ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ዘርጋው እና አባሉ ውብሸት።)

ውብሸት፦ ስለዚህ ከዕድር ሊሰርዙኝ ያሰቡት በቻርጀር ምስክርነት ነው?

ዘርጋው፦ በማን ኖሯል? የወይዘሮ በለጡ ቀብር ዕለት ድንኳን መትከል ያንተ ተራ ነበር። አንተ ግን ወገቤን ያዘኝ፣ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ ብለህ ላክህ።

ውብሸት፦ ይዞኝ ነበራ።

ዘርጋው፦ ወገብህ አልጋ ላይ ተኝቶ መኪናዋ ብቻዋን ቢሾፍቱ ወረደች? በዚያው ቀብር ዕለት፣ ቅዳሜ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር ቻርጀር ላይ ተሰክታ ነበር።

ውብሸት፦ እዚያ የሰካሁትን እዚህ ማን ነገረዎት?

ዘርጋው፦ ካርዱ ነዋ። በዕድሩ ስም የወጣ ካርድ አይደል? የትም ብትሰካ ሰዓቱም ቦታውም እዚህ ይመዘገባል። ሁላችሁም ባንዴ ሰክታችሁ የሰፈሩን መብራት እንዳታጠፉ ተብሎ ነው።

ውብሸት፦ ለመብራቱ ከሆነ መብራቱን ይጠብቅ። ስንት እንደሳብኩ ይወቅ፤ የት እንደዋልኩ ምን አገባው?

ዘርጋው፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ።

ውብሸት፦ እሺ፣ ዋሸሁ። አማቴ ከደሴ መጥተው ትኩስ ዓሣ ካልበላሁ አሉ። እምቢ ብል የኔው ቤት ድንኳን ሊተከል ነበር። ግን ለዚህ መሰረዝ? እናቴ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ክፉ ነገር ቢመጣ ማን ይቀብርልኛል?

ዘርጋው፦ ዓሣ አስጋሪዎቹ።

ውብሸት፦ በሞት አይቀለድም ጋሼ። ለመሆኑ መዝገቡን ሌላ ሰው አይቶታል?

ዘርጋው፦ ያላየው ማን አለ? የቀረ አባል ስሙ በር ላይ ይለጠፋል፤ ደንብ ነው። ትናንት አሳትሜ ለጠፍኩት።

ውብሸት፦ የኔን መስመር ብቻ ነዋ?

ዘርጋው፦ መነጽሬን ቤት ትቼ መጥቼ ያንተን ከየት ልለየው? እንደታተመ ለጠፍኩታ። አራት ገጽ ነው።

ውብሸት፦ ኧረ ጉድ ነው! አርባ አባወራ መቼ ከቤቱ እንደማይገኝ ጽፈው በር ላይ ሰቀሉት? ሌባ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ዘርጋው፦ አታካብድ። ንጹሕ ሰው ምንም አይፈራም። እኔ የምደብቀው የለኝም።

ውብሸት፦ አንደኛው ገጽ አናት ላይ የማን ስም ነው ያለው?

ዘርጋው፦ የዳኛው ነዋ። ማን ሊቀድም ኖሯል?

ውብሸት፦ «ዘርጋው ተካ። ማክሰኞ፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ዱከም፣ ሥጋ ቤቱ ግቢ።» በሚቀጥለውም ማክሰኞ እንዲሁ። በሚቀጥለውም።

ዘርጋው፦ ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል። ማክሰኞ... የኮሚቴ ስብሰባ አለብኝ።

ውብሸት፦ ባለቤትዎ እትዬ አስካለም እንደዚያ ነው የሚያውቁት። ሐኪም ሥጋ ከከለከለው ጀምሮ ጎመን ብቻ ነው የማበላው፣ ሪሁ ግን አልለቅ አለው እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ ያማክራሉ።

ዘርጋው፦ ውብዬ፣ አንተ እኮ እንደ ልጄ ነህ። ወገብ መቼም የሰው ጠላት ነው፤ መሰረዙም ይቅር። አሁን ሮጥ በልና ያን ወረቀት ገንጥለህ አምጣልኝ።

ውብሸት፦ የቱን ወረቀት ጋሼ? አንደኛው ገጽ የለም። የማላውቅ መስዬ ጠየቅኩዎት እንጂ፣ አሁን የነገርኩዎት እትዬ አስካለ ጠዋት ገንጥለው ወደ ቤት ሲገቡ ጮክ ብለው ሲያነቡት የሰማሁትን ነው።