የቀሪ ቀን ወረቀት

እንደምን ዋላችሁ።

እትዬ ለታካሚዎች ክራንችና ዊልቸር ወደሚያውሰው ወደዚህ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሆነው የመጡ ዕለት እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። ስለዚህ የምናገረው ሾፌራችን የነገረኝን ነው፤ ውሸት ካለበት ከእሱ ጋር ተነጋገሩ። በዚያን ቀን እትዬ በጠዋት መጥተው፣ ማንነታቸውን ለማንም ሳይናገሩ፣ በሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ማየት ፈልገው ነበር። የንብረት ክፍል ሠራተኛችን ግን ተራ የሚጠብቁ ታካሚ መስለውት ሜትር ይዞ ወጣ፣ ቁመታቸውን ለካ፣ ክራንች በውሰት አስፈረማቸው። እሳቸውም ፈረሙ። ያ ክራንች እስካሁን አልተመለሰም። እትዬ፣ ጡረታ ከመውጣትዎ በፊት ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ የዊልቸር ጎማ የምጠግን ተማሪ ነኝ። ይህን ንግግር ማድረግ የነበረባት እህቴ ናት። የእትዬ ምክትል ነበረች፤ ወላጆቻችን ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ካረፈች አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። ስለዚህ እኔ ተተካሁ። መተካት በዚህ ቤት እንዴት እንደሆነ ሠራተኞቹ ታውቃላችሁ፤ ለእንግዶች ላስረዳ።

እትዬ በወር አንድ ቀን አንዱን ሠራተኛ «ቀሪ» ያደርጉታል። ቀሪው ቤቱ አይውልም። ጋዜጣ ይዞ አግዳሚዋ ላይ ይቀመጣል፤ ማንም ምንም ሊጠይቀው አይችልም። እሱ በሌለበት ሥራው የት የት ጋ እንደቆመ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ከእያንዳንዱ መስመር ፊት ለፊት፣ ሌላ ጊዜ እኔ እሸፍናለሁ የሚል ሰው ይፈርማል። ሾፌራችን ቀሪ የሆነ ዕለት መኪናውን ሁለተኛ ማርሽ ማስገባት የሚችል ሰው ጠፋ። «ማርሹ እኔን ለምዶ ነው» አለ፣ ደስ ብሎት። እትዬ በሳምንቱ ማርሹን አሠሩት። እስከ ዛሬ ይቅር አላላቸውም።

የዛሬ ሦስት ዓመት እህቴ እትዬን ሳታስፈቅድ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የአመራር ሽልማት ዕጩ አድርጋ አቀረበቻቸው። ዳኞቹ ሳይነግሩን መጡ። የዚያን ቀን ቀሪ ራሳቸው እትዬ ነበሩ። አንደኛው ዳኛ አግዳሚዋ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠና፣ «እናት፣ ሥራ አስኪያጇ እንዴት ናቸው?» አላቸው።

«ዛሬ አልገቡም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከጋዜጣው ሳያነሱ።

«ታዲያ ሥራው አይበደልም?»

«ኧረ እሳቸው ቀሩ ብሎ የሚጨነቅ ሰውም አላየሁ።»

ዳኞቹ ይህንኑ ጻፉ። ሥራ አስኪያጇ በሥራ ገበታቸው አልተገኙም፤ ሠራተኛውም መቅረታቸውን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፣ የሚል ነበር። እህቴ ሁለት ቀን አኮረፈቻቸው። በሦስተኛው ቀን ማመልከቻውን እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረች። በዓመቱ ላከች፣ አልሆነም። የመጨረሻውን የላከችው ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነው።

እሑድ ቀበርናት። ሰኞ ከትምህርት ቤት ቀርቼ እዚህ መጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሥራው ቆሞ ለማየት ነበር የመጣሁት። አልቆመም። አሥራ አንድ ዊልቸር ለታካሚዎች መውጣት ነበረበት፤ አሥራ አንዱም እስከ ረፋድ ወጥቶ አለቀ። ሁላችሁንም ጠላኋችሁ፤ እትዬን ደግሞ ከሁላችሁም አብልጬ። ቢሯቸው ገብቼ፣ እሷ ኖረች አልኖረች ለእናንተ ያው ነው አልኳቸው። እሳቸው ከፋይል ውስጥ የእህቴን የቀሪ ቀን ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ሠላሳ አንድ መስመር፣ ሠላሳ አንድ ፊርማ። የመጨረሻዋን መስመር እህቴ ራሷ በእጇ ጨምራታለች። «ወንድሜ ወላጅ አምጣ ሲባል ማን ይሄዳል?» ትላለች። ፊርማው የእትዬ ነው። የተፈረመው እህቴ ከመታመሟ በፊት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ ወላጅ አምጣ ተብያለሁ። የምኮራበት አይደለም። ለአምስተኛ ጊዜ የተጠራሁት መስኮት ሰብሬ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። እትዬ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለው የእኔን ወቀሳ ሰሙ። በዚያው ሰዓት ከተማው መሃል ባለ አዳራሽ ውስጥ ስማቸው ለሽልማቱ እየተጠራ እንደነበር እኔ ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። መድረክ ላይ የወጣው ሾፌራችን ነበር፣ እጅጌው ላይ ግራሶ እንዳለበት። ሥራ አስኪያጇስ ሲሉት፣ ዛሬ ቀሪ ናቸው አለ።

ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሽልማቱን ሾፌሩም ይቀበልልኛል» አሉኝ። «ያንተን ወቀሳ ለመስማት ግን የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ባለፈው ሳምንት እትዬ ለጡረታቸው ርክክብ የራሳቸውን ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፉ። አርባ ስድስት መስመር። ተሻምታችሁ ፈረማችሁ። እኔ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የእኔዋ መስመር፣ ወላጅ አምጣ የምትለዋ፣ የለችም። ቅዳሜ ጎማ እየነፋሁ እንደ ዋዛ አነሳሁላቸው። የሚረከበኝ ሰው ከሌለ ከወዲሁ ልወቀው ብዬ ነው።

«ረስቻት አይደለም» አሉ። «እሷ የሥራ አይደለችም። ርክክብ ውስጥ አትገባም።»

ከዚያ ጎማው አየር በዝቶበታል፣ ተው አሉኝ።

እትዬ፣ አመሰግንዎታለሁ። እህቴ ብትሆን አሳምራ ትናገረው ነበር። እኔ የምችለው ይህን ያህል ነው።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ። ለእትዬ ጤና፣ ረጅም ዕድሜ፣ እስከ መጨረሻው ገጽ የሚነበብ ጋዜጣ። ስትጽፍላቸው ለኖረችው እህቴም።

ከመጠጣታችን በፊት አንድ ነገር። አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወላጅ አምጣ ተብያለሁ። ጥፋቴን እዚያው ይሰሙታል። እንዳያረፍዱ፣ እትዬ።